ማታ ማታ የምትመጣው

አንቺ ጥንቸል፣ እንደ አንቺ የታማ እናት በእኛ ሰፈር የለም። የወለደችውን ውርጭ ላይ ጥላ የምትሄድ፣ ጉድጓድ የማትምስ፣ ለአራስነቷ አንዲት ዘለላ ሣር እንኳ ጎንበስ ብላ የማታነጥፍ ይሉሻል። እረኛው ያማሻል፤ ሣር አጫጁም ማጭዱን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ያማሻል። ልጇን ትታ የሄደች ሴት ስሟ በተነሣ ቁጥር ያንቺም ስም አብሮ ይነሣል። “ጥንቸል ናት እቴ!” ይላሉ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው። እናቴ ዓረብ አገር የሄደች ዕለት ማታ ይህን ቃል ከጎረቤት አፍ ሰማሁት። ቡና እየተጠጣ ነበር። አያቴ ስኒውን አስቀምጣ ዝም አለች።

ከዚያ ወዲህ ነው አንቺን መከታተል የያዝኩት። የታማሽበትን ነገር በዓይኔ ላየው ፈለግሁ።

የመንዝ ጓሳ ክፉ አገር ነው፤ ክፉ የምለው ወድጄው ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር ደጋ፣ ዛፍ ተስፋ ቆርጦ የተመለሰበት፣ ጅብራ ብቻውን ቆሞ የሚያድርበት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይወርድና ጠዋት ሣሩ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል፤ ረፋዱ ላይ ያው ሣር ይጤሳል። ለአካባቢው ስሙን የሰጠው ጓሳ የሚባለው ሣር ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። አስቦና ጌራ ከሚባሉት አቅኚ አባቶች ጀምሮ፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ ማለት ነው፣ በአጽመ ርስት ደንብ ለዓመታት እየተዘጋ፣ ሲደርስ ብቻ እየታጨደ የኖረ ምድር ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ደንቡን አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን ሜዳውን ፈጽሞ አልተወውም፣ ዛሬም በኅብረት ይጠብቀዋል። ሲዘጋ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም። ሣሩ ጉጥ ጉጥ እየሠራ ያድጋል፤ በጉጥና በጉጥ መካከል ያለችው ስንጥቅ ነች ያንቺ ቤት። ጣሪያ የላትም፣ በር የላትም። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይተሽ ጀርባሽን ትሰጪዋለሽ፤ በቃ።

አንቺ ደግሞ ሌላ የትም የማትገኚ የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ነሽ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ፍራንሲስ ፔተር የተባለ ፈረንሳዊ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣልሽ ሽታርክ በተባለ ጀርመናዊ የሥነ አካል ሊቅ ስም ጠራሽ። አንዱ ስም አውጪ የሩቅ ሰው፣ ሌላው ስም አውጪ የሰፈር ሐሜተኛ። ሁለቱም ስም ሲያወጡልሽ አንቺን አልጠየቁሽም።

ልጅሽን አንድ ጊዜ በቅርብ አይቼዋለሁ። የጠፋ ጠቦት ስፈልግ ሣሩን በዱላዬ ገለጥ ሳደርግ እዚያ ተቀምጧል። ከመዳፌ አይበልጥም። ጆሮዎቹ ጀርባው ላይ ተለጥፈዋል፣ ጫፋቸው ጥቁር። የፀጉሩን ጫፍ አመዳይ ነክቶታል፤ ጸሐይዋ ስታገኘው አመዳዩ እየቀለጠ በጠል ፍሬ በጠል ፍሬ ይወርዳል፤ ከሥሩ ያለው ፀጉር ግን ደረቅ ነው። ዓይኑ ተገልጧል። በዚያች ዓይን ውስጥ ዱላዬ ቆልመም ብሎ፣ ሰማዩ ከላዩ ሆኖ፣ እኔም መሐል ላይ ትንሽ ሆኜ እታያለሁ። አልሸሸም፣ አልጮኸም። ጢሙ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ልነካው እጄን ስዘረጋ አያቴ “እንዳትነካ! ሽታህ ይቀርበታል” ያለችው ትዝ አለኝና ሣሩን መልሼ አለበስኩት።

ከተማ ውስጥ በሽቦ ቤት የሚያረቡት ጥንቸል ልጆቹን ዕውርና ራቁት አድርጎ ነው የሚወልደው፤ ስለዚህ ጉድጓድ ያስፈልገዋል፣ እናትየዋ ከደረቷ ፀጉር ነጭታ ታነጥፋለች። የሜዳዋ እናት ግን ልጇን ሙሉ ልብስ አልብሳ፣ ዓይኑን ገልጣ ነው የምታወጣው። ከማህፀን ጀምራ ለብቻው እንዲውል አሰናድታዋለች። ይህን ያወቅሁ ቀን ሐሜቱ ግማሹ ወደቀ። ሌላው ግማሽ ግን አልወደቀም፤ ምክንያቱም ልብስ ለብሶም ብርድ አለ።

ማታ ማታ ጠበቅሁሽ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ በጎች ከገቡ በኋላ፣ ከካቡ ሥር ተኝቼ። ከየት እንደመጣሽ አላየሁም፤ መሬቱ ራሱ ነው ያወጣሽ። ሮጥሽ፣ ቆምሽ፣ በመጣሽበት ዱካ ተመለስሽ፣ ከዚያ ድንገት ወደ ጎን ሩቅ ዘለልሽ። ዛር የሠፈረብሽ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ዝም ብለሽ ተቀመጥሽ። ከዚህ ጉጥ አንዱ፣ ከዚያ ጉጥ ሌላው፣ ሳትጠሪያቸው ወጡ። ቀኑን ሁሉ ተለያይተው፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሳይሰማ ውለው፣ በተወለዱባት ቦታ ላይ ተገናኙ። ከሆድሽ ሥር ገቡ። አንቺ ግን አልላስሻቸውም ማለት ይቻላል፤ ጆሮሽን አቁመሽ፣ በእነሱ አናት ላይ ሆነሽ፣ አራቱን ማዕዘን ታዳምጫለሽ። ቡና እስኪፈላ እንኳ አልቆየሽም። ዘለሽ ሄድሽ፤ ዞረሽም አላየሻቸው። እነሱም አልተከተሉሽም፤ እያንዳንዱ ወደ ስንጥቁ ገባ።

አውሮፓ ውስጥ በእርሻ ሜዳ የምትኖረውን እህትሽን አጥኚዎች ሌሊት እየተከታተሉ የጻፉትን በኋላ አነበብኩ። እሷም ያንቺኑ ታደርጋለች፦ ልጆቿ በተወለዱ በጥቂት ቀን ውስጥ ይበታተናሉ፤ ጸሐይ ከጠለቀች በኋላ አንድ ቦታ ላይ ይጠብቋታል፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለጥቂት ደቂቃ ታጠባቸዋለች። ወተቷ ስብ የበዛበት ስለሆነ ለሃያ አራት ሰዓት ያቆያቸዋል። ቀሪውን ጊዜ ሩቅ ትውላለች። መቅረብዋ ነውና ጠላታቸው። ትልቅ ናት፣ ትሸታለች፣ ስትንቀሳቀስ ትታያለች፤ ሕፃኑ ግን ሽታው ጥቂት ነው፣ ዝም ካለ ሣር ነው። እናት አጠገቡ ከዋለች ቀበሮው በእሷ መንገድ ይደርስበታል። ያ ወደፊትና ወደኋላ ሩጫ፣ ያ የጎን ዝላይም እብደት አይደለም፤ ዱካን ቆርጦ መጣል ነው። ሽታ ተከትሎ የመጣ አውሬ መንገዱ አየር ላይ ያልቅበታል።

እሺ፣ ገባኝ። ገባኝና ምን ሆነልኝ?

እማዬ፣ አንቺን ነው የማወራው። ጥንቸሏንማ ተውኳት።

ገብሱን በአንድ ሌሊት አመዳይ መታው። አባቴ በሞተ በዓመቱ ነው። ለዘር የተበደርነው፣ ለተዝካሩ የተበደርነው፣ ለማዳበሪያ የተፈረመው ሁሉ አንድ ላይ በር መታ። ደላላው መሐል ሜዳ ከተማ ተቀምጦ “በሁለት ዓመት ትመለሻለሽ” አለሽ። አውቶቡሱ ላይ ስትወጪ ዞረሽ አየሽን፤ ከደረጃው ላይ አየሽን፣ ከመስኮቱ አየሽን፣ ሰው እየገፋሽ እንኳ አንገትሽን አውጥተሽ አየሽን። እዚህ ላይ ከጥንቸሏ ጋር አትመሳሰሉም። እሷ ዞራ አታይም፤ በማግስቱ ግን ትመጣለች።

ስልክ የነበረው ባለሱቁ ጋር ብቻ ነበር። እሑድ ማታ ትደውያለሽ ተብሎ እኔና አያቴ ከተራራው እንወርዳለን። ሰው ይሰለፋል፤ ዓረብ አገር ሰው ያልላከ ቤት ጥቂት ነው። ተራችን ሲደርስ አያቴ መናገሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ትጮሃለች፤ ርቀቱን በድምፅ ልትሸፍነው። ከዚያ ለእኔ ትሰጠኛለች። “በላህ?” ትዪኛለሽ። “በላሁ።” “ብርድ ልብስ አለህ?” “አለኝ።” “ትምህርትህን በርታ።” “እሺ።” ካርዱ ያልቃል። ወደ ላይ ስንወጣ ያልኩሽን ሳይሆን ያላልኩሽን ነበር የምቆጥረው። በጣም ብዙ ነው። በጎቹ ሰባት ጠቦት እንደወለዱልን፣ አንዷን ባንቺ ስም እንደጠራኋት፣ ጥለሽልኝ የሄድሽው ባና እስካሁን የአንቺ ሽታ እንዳለበት አልነገርኩሽም። ሽታው ካለ ቀበሮ ይመጣል ብዬ እፈራ ነበር መሰለኝ፤ ልጅ ነበርኩና።

አያቴ ጠላ ልትጠምቅ፣ በሶ ልትፈጭ ወፍጮው ላይ ስትጎነበስ ታንጎራጉራለች። የሚሰማት ሰው ያለ አይመስላትም፤ ድንጋዩ ነው ጆሮዋ። አንዴ እንዲህ አለች፦

ገብሱም ታጨደና ገባ ወደ ጎታ፣
አንቺን የሚያስገባ የቱ ይሆን ማታ?

ሌላ ሌሊት ደግሞ ጥንቸል በጓሮ ጎመኑን በልታ ስታመልጥ አየቻትና ሳትቆጣ ቀረች፤ መጁን እያመላለሰች፦

እንቅልፍሽ ወዴት ነው ዓይንሽ ሳይከደን፣
አንቺም እንደ እኔው ሰው ጠፍቶብሽ ይሆን?

ቄሱ ጥንቸል ርኩስ ናት ይላሉ፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ መንዝ ውስጥ የሚበላት ክርስቲያን የለም። እውነቱን ለመናገር አራት ሆድ የላትም፤ ቀን ስንጥቋ ውስጥ ተኝታ ለስላሳውን በጠጧን ከራሷ ላይ እየወሰደች መልሳ ትበላዋለች፣ ምግቡ ሁለቴ በሆዷ ያልፋል። ከሩቅ ላያት አፏ ሲንቀሳቀስ የምታመሰኳ ትመስላለች። ለቄሱ ይህን አልነገርኳቸውም። ነውር ነገር ነው፤ ደግሞም ሰው የማይበላት መሆኑ ጠቅሟታል።

ስለ እሷ የሚባለው ሌላው ነገር ሁለት ጥንቸሎች በኋላ እግራቸው ቆመው በጥፊ መማታታቸው ነው። ፀጉራቸው ሲበር አይቻለሁ። ወንዶች ለሴት የሚጣሉ ይመስለን ነበር፤ እንግሊዞችም መጋቢት ላይ ያብዳሉ ሲሉ ኖረዋል። በፈረንጆች 1984 ሆሊና ግሪንዉድ የተባሉ ሁለት ሰዎች የሜዳውን ጥንቸል በጥሞና ተከታትለው ሲያዩ የምትመታው ሴቷ ሆና ተገኘች። “አልፈልግም” ማለቷ ነው። ያው ሆሊ ሶመርሴት በሚባል የእንግሊዝ ወረዳ ሆኖ ሌላም ነገር አየ። ቀበሮ ግልጥ ሜዳ ላይ ሲቀርባት ጥንቸሏ አትሸሽም። ወደ እሱ ዞራ፣ ነጭ ሆዷን አሳይታ፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ቀበሮ አድብቶ እንጂ ሮጦ አይዛትም፤ እንደታየ ሲያውቅ ትቷት ይሄዳል። ውሻ ሲመጣ ግን አትቆምለትም፤ ውሻ ቢታይም ግድ የለውም፣ ሮጦ ያሳድዳታል። የትኛውን ጠላት በቁም ማነጋገር እንደሚቻል ለይታ ታውቃለች ማለት ነው።

ይህንን ሳነብ ጥንቸሏ አልነበረችም ዓይኔ ላይ የመጣችው። ቤይሩት ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ አንቺ የምትሠሪበት ወጥ ቤት ነው። ከፋላ በሚሉት አሠራር ኑሮሽ በአሠሪሽ እጅ ነው፤ ከእሱ ቤት ከወጣሽ አገሩ ውስጥ ሕጋዊ አይደለሽም። ፓስፖርትሽን ገና እንደደረስሽ ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ሦስት ወር ደመወዝ ቀርቶብሽ፣ እግርሽ አብጦ፣ እሑድ እንኳ ደጅ መውጣት ተከልክለሽ፣ ማን ፊት ቀጥ ብለሽ ትቆሚያለሽ? ለእኛ ግን “ጥሩ ሰዎች ናቸው” ትዪን ነበር። ወደፊትና ወደኋላ ሮጠሽ ዱካሽን ቆረጥሽብን። ለፋሲካ እመጣለሁ አልሽ፤ ኮንትራት አደስኩ አልሽ፤ ለመስቀል አልሽ። በመጨረሻ ወደ ጎን ዘለልሽና ተከትለን የምንደርስበት መንገድ አየር ላይ አለቀ።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ የሰፈራችን ሴቶች ፌስታል አንጠልጥለው መጡ። አንዳንዷ በነጠላ ጫማ፣ አንዳንዷ የማታውቀው ልጅ ደጃፏ ላይ ቆሞ ጠብቋት። ለቅሶ ነበር፣ እልልታም ነበር፣ ሁለቱ ተደባልቀው። አንቺ ከሌላ አገር ነበርሽና የሚመልስሽ አልነበረም። ያን ሰሞን፣ ይቅር በለኝ አምላኬ፣ የአንቺም አገር ንጉሥ ቢያባርርሽ ብዬ ጸለይኩ። ንጉሥ እንደሌላቸው እንኳ አላውቅም ነበር።

ለአሠሪዎችሽ ሁለት ልጆች አሳድገሽላቸዋል። ፎቶ ልከሽልኝ አይቻቸዋለሁ፤ ትልቁ አንገትሽን አቅፏል። ትኩሳት ሲይዘው ሌሊቱን ቆመሽ አድረሻል፣ የመጀመሪያ ጥርሱን ነቅለሽለታል፣ ጫማውን አስረሽ ትምህርት ቤት አድርሰሽዋል። አልጠላውም። ግን ስሙን አንድ ጊዜ ተሳስተሽ በስልክ ለእኔ ጠርተሽኛል። “አቤት” አልኩሽ።

ድምፅሽ ባሕር ዘሎ ይኸው ደጄ ደርሶ፣
እጅሽ ምነው ቀረ የሰው ልጅ አልብሶ?

አያቴ ስትሞት በስልኩ አለቀስሽ። ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማሽ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ሬሳው አጠገብ ያዝኩት። እነዚያ “ጥንቸል ናት” ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አብረውሽ አለቀሱ። አንዷም ስለ ሐሜቱ አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም።

የጥንቸል ልጅ ወር ገደማ ሲሆነው ጡት ይጥላል። ከዚያ በኋላ አንድ ማታ እናትየው አትመጣም፤ እሱም አይጠብቅም። ሣሩን ይግጣል፣ ያድጋል፣ መንገድ ላይ ቢገናኙ የሚተዋወቁ አይመስሉም። እኔን እዚህ ላይ ነው የከዳኝ ነገሩ። ያን ሁሉ ጊዜ አንቺን ከእሷ ጋር እያስተያየሁ ስጽናና ኖሬ፣ ለራሴ ጡት መጣያ አላገኘሁም። ጢሜ ወጥቷል፤ ሰው አስተምራለሁ፤ ጓሳው ሲከፈት ከማኅበሩ ጋር ወጥቼ እንደ ማንኛውም አባወራ ድርሻዬን አጭዳለሁ። ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሰውነቴ ያን ሰዓት ያውቀዋል። ማንም ሳይጠራኝ ከስንጥቄ እወጣለሁ።

አሁን ስልኩ የራሴ ነው፤ ኢሞ ላይ ፊትሽን አየዋለሁ። ሽበት አውጥተሻል። ያው ሰዓት ነው የምትደውይው፣ ራት አቅርበሽ፣ ሕፃናቱን አስተኝተሽ፣ ማንም ሳያይሽ። ያው ጥቂት ደቂቃ ነው። “በላህ?” ትዪኛለሽ። ጆሮሽን ወደ ኮሪደሩ አቁመሽ፣ ማን እንደሚመጣ እያዳመጥሽ፣ በእኔ አናት ላይ ሆነሽ።

የላክሽው ገንዘብ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶታል። የጓሳው ክዳን ወርዷል። የድሮው ክዳን ዝናብ አያሰማም ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ጠዋት ጓሮው ሲረጥብ ነበር የምናውቀው። ቆርቆሮው ግን ሐምሌ ሲገባ ይጮሃል። በረዶ ሲሆንማ አጠገብሽ የተቀመጠ ሰው አይሰማሽም። ስትደውዪ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ቃሉ አይደርሰኝም፤ አንቺ በገዛሽው ጣሪያ ሥር ቆሜ ድምፅሽን አጣለሁ። ስለዚህ እማዬ፣ ክረምቱን ማታ አትደውይ። ጠዋት ደውዪ፣ እኩለ ቀን ደውዪ፣ እነሱ እያዩሽ ደውዪ። ከቻልሽ ደግሞ መደወሉን ተይውና በጠራራ ጸሐይ በአውቶቡሱ ነይ፤ መሐል ሜዳ ገበያ መሐል ስሜን እየጠራሽ ውረጂ። ቀበሮውም ያሽትተን፤ እኔ አድጌያለሁ፣ መሮጥ እችላለሁ።